ምት የሚበላ ኪቦርድ

በላፕቶፕ ፔስ የተባለውን የኳስ ጌም የሚጫወት ሰው ሁሉ የሚያውቃት ንዴት አለች። አጥቂው ሰብሮ ወጥቶ ወደ ግቡ በሰያፍ እየሮጠ ነው፤ በረኛው ወጥቷል፤ የቀረው መምታት ብቻ ነው። ቁልፉ ይጫናል፣ ኳሷ ግን አትመታም። ተከላካይ ደርሶ ይቀማል፣ አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ይስቃል፣ ተጫዋቹም «ተጭኜ ነበር እኮ!» ብሎ ይምላል። እውነቱን ነው። ጣቱ ተጭኗል፤ ያልሰማው ኪቦርዱ ነው።

በተለመደው የፔስ አቀማመጥ ሩጫው በቀስት ቁልፎች ነው። በሰያፍ ለመሄድ የላዩና የቀኙ ቀስት አብረው ይያዛሉ። ለፍጥነት ኢ ትያዛለች፤ ለመምታት ዲ ትጨመራለች። አራት ቁልፍ ባንድ ጊዜ ማለት ነው። ለቢሮ የተሠራ ርካሽ ኪቦርድ ደግሞ እንዲህ ላለው ጥድፊያ አልተዘጋጀም። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አንዱን ለቆ ሌላውን ይነካል፤ ቢበዛ ሺፍት ይይዛል።

ርካሽ የጌም ኪቦርድ ለመግዛት የሚነሳ ጀማሪ ገንዘቡን የሚያወጣው ለዚህ ነው፦ የትኞቹን ቁልፎች ባንድ ጊዜ ይሰማልኛል? ቀስተ ደመናው መብራት፣ የብረት ጀርባው፣ ካርቶኑ ላይ የተሳለው ዘንዶ ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ክፋቱ፣ ይህ ዋናው ነገር ካርቶኑ ላይ ወይ አይጻፍም፣ ወይ ግማሹ ብቻ ይጻፋል። ስለዚህ ኪቦርድ እንዴት እንደሚሰማ ትንሽ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ሙሉ ኪቦርድ ከመቶ በላይ ቁልፍ ቢኖረውም ለያንዳንዱ የራሱ ሽቦ አይዘረጋለትም፤ በጣም ይወደዳላ። በምትኩ መስመሮቹ ግማሾቹ በአግድም፣ ግማሾቹ በቁልቁል ይዘረጋሉ፤ በተገናኙበት ሁሉ አንድ ቁልፍ ይቀመጣል። ልክ እንደ ፊደል ገበታ ነው። በአግድም የሀ ቤት፣ የለ ቤት፣ የሐ ቤት አለ፤ በቁልቁል ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ ይሄዳል። «የለ ቤት ሣልሱ» ከተባለ ሊ መሆኗን ለማወቅ ገበታውን ማየት እንኳ አያስፈልግም። ኪቦርዱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቺፕም የምታነበው በዚሁ ዘዴ ነው። በአንዱ አግድም መስመር ኤሌክትሪክ ትልካለች፣ በየትኛው ቁልቁል እንደወጣ ታያለች፣ ወደሚቀጥለው አግድም ታልፋለች፤ ሁሉንም ዞራ እስክትጨርስ ጥቂት ሚሊሴኮንድ ቢፈጅባት ነው።

አንድ ወይም ሁለት ጣት ሲሆን ምንም ችግር የለም። አሁን ግን ሦስት ጣቶች ሁ፣ ሉ እና ሊ ላይ አብረው ይረፉ። ቺፗ በሀ ቤት ኤሌክትሪክ ስትልክ በሁ በኩል ወደ ካዕብ ይወርዳል። እዚያ አይቆምም፤ በተጫነችው ሉ በኩል ወደ ለ ቤት ይሻገራል፤ ከለ ቤት ደግሞ በሊ በኩል ሣልስ ላይ ብቅ ይላል። ለቺፗ የሚታያት በሀ ቤት የላከችው ነገር በሣልስ መውጣቱ ነው። ስለዚህ ማንም ያልነካትን ሂ ተጭናለች ብላ ትመዘግባለች። ጎስቲንግ የሚባለው ይህ ነው።

አምራቾች ያልተጫነ ቁልፍ ከሚጻፍ የተጫነው ቢቀር ይሻላል ብለው ወስነዋል። ቺፗ እንዲህ ያለ አጠራጣሪ አራት ማዕዘን ስታይ የመጨረሻውን ቁልፍ እንዳልሰማች ታልፈዋለች። የፔሱ ምት የተበላው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ቀስት፣ ኢ እና ዲ ላይ ያሉት ጣቶች ከውስጥ በኩል በምን መስመር ላይ እንደተቀመጡ ከላይ አይታይም፤ ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ጓደኛው በሌላ ላፕቶፕ ያለችግር ሲያገባ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። ፍጹሙ በየቁልፉ ሥር ዳዮድ ማስገባት ነው፤ ዳዮድ ኤሌክትሪክን ባንድ አቅጣጫ ብቻ ስለምታሳልፍ ያ ከካዕብ ወደ ለ ቤት የሚደረገው መሻገር ይቀራል፣ አሥሩም ጣት ቢጫን እያንዳንዱ ለየብቻው ይታወቃል። ርካሹ መፍትሔ ግን መስመሮቹን አብዝቶ፣ ጌም ላይ አብረው የሚጫኑትን ቁልፎች እርስ በርስ እንዳይጋጩ አራርቆ ማስቀመጥ ነው። ካርቶን ላይ «19 ቁልፍ አንቲ-ጎስቲንግ» ወይም «26 ቁልፍ አንቲ-ጎስቲንግ» ተብሎ የሚጻፈው ይኼኛው ነው። ቁጥሩ የተመረጡ ቁልፎች ቁጥር ነው፤ የቀሩት እንደማንኛውም የቢሮ ኪቦርድ ናቸው።

የተመረጡት እነማን ናቸው? አብዛኛውን ጊዜ ደብልዩ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ዲ እና አካባቢያቸው። ይህ የራሱ ታሪክ አለው። በ1993 እ.ኤ.አ. ዱም የተባለው የተኩስ ጌም ሲወጣ ተጫዋቹ የሚንቀሳቀሰው በቀስት ቁልፎች ነበር። ማውስ ማነጣጠሪያ እየሆነ ሲመጣ ግን ቀኝ እጅ ተያዘ፣ መንቀሳቀሱ ለግራ እጅ ቀረ። ትሬሽ በሚል ስም የሚታወቀው ዴኒስ ፎንግ በ1997 እ.ኤ.አ. የኩዌክ ውድድር አሸንፎ ከጌሙ ፈጣሪዎች የአንዱን የጆን ካርማክን ፌራሪ ሲሸለም፣ ይጠቀምባቸው የነበሩት እነዚያ አራት ፊደሎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የተኩስ ጌም ሁሉ በነሱ ተለመደ፤ የኪቦርድ አምራቾችም «ጌም» ሲሉ ልባቸው ያለው እዚያው ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ጌም ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ኳስ ነው። የፔስ አምራች ኮናሚ በ2021 እ.ኤ.አ. የጌሙን ስም ወደ ኢፉትቦል ቢለውጠውም ደካማ ላፕቶፕ ላይ የሚሠሩት አሮጌዎቹ ፔሶች ዛሬም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይገለበጣሉ። እነሱ የሚፈልጉት ቀስቶቹን ነው። እንግዲህ አንድ የደብረ ኤልያስ ልጅ ካርቶኑን አምኖ «አንቲ-ጎስቲንግ» የተባለ ኪቦርድ ገዝቶ ቤቱ ሲገባ ያው የድሮው ምት ተመልሶ ሊበላበት ይችላል። ጥበቃው ለተኳሾች እንጂ ለአጥቂዎች አልነበረማ። መደብር ቆሞ መሞከርን የመሰለ ነገር የለም የምለው ለዚህ ነው።

ሙከራው ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ላፕቶፕ ይዞ መሄድ ብቻ ነው። ኖትፓድ ይከፈታል። ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለቱንም ሺፍት በትንሽ ጣቶች ተጭኖ በመያዝ ከኤ እስከ ዜድ አንድ በአንድ መጻፍ ነው። በብዙ የቢሮ ኪቦርዶች ላይ ጥቂት ፊደሎች ጨርሰው አይወጡም፤ ቦታቸው ባዶ ይቀራል። ሁሉም ከወጡ ኪቦርዱ ወደሚቀጥለው ፈተና ይለፍ። ቀጥሎ የኳሱ ፈተና ነው፦ የላዩንና የቀኙን ቀስት፣ ከዚያም ኢን ይዞ፣ ሳይለቁ ዲን መንካት። ኖትፓዱ ላይ ከሚደረደሩት የኢ ፊደሎች ኋላ ዲ ብቅ ካለች ምቱ ተሰምቷል። በላይና በግራ፣ በታችና በቀኝ፣ በታችና በግራ ቀስትም መድገም ያስፈልጋል፤ ባንዱ አቅጣጫ የሰማ በሌላው ሊደነቁር ይችላል። ለማቀበያዋ «ኤስ»፣ ለረጅሟ ኳስ ደግሞ «ኤ» እንደዚሁ ይሞከራሉ።

ሻጩ «አለቃ፣ ጌሚንግ ነው አልኩህ፣ ምን ትሞክረዋለህ?» ሊል ይችላል። «ቀስቶቹን ብቻ ልይ ወንድሜ፣ ሁለት ደቂቃ» ማለት ነው። የማያስሞክር ካለ ቀጥሎ ያለው መደብር ያስሞክራል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ዓላማው ኳስ ብቻ ከሆነ፣ ሌላ ጌምም ጽሑፍም ከሌለ፣ ገንዘቡ ለዩኤስቢ ጆይስቲክ ቢውል ይሻላል። ኪቦርድ ለኳስ ሁለተኛ ምርጫ ነው፤ ይህን የማይነግር የኪቦርድ ምዕራፍ ሐቀኛ አይደለም።

ጽሑፍ ግን አለ። ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርቷ የታወቀች፣ ሐዲስ ዓለማየሁም ከተማሩባቸው ደብሮች አንዷ የሆነች ስፍራ ናት፤ ዛሬ በእንዲህ ዓይነት ከተማ ኮምፒውተር ያለው ወጣት ሳይወድ ጸሐፊ ይሆናል። የጎረቤት ማመልከቻ፣ የዘመድ ሲቪ፣ የእድር ደንብ፣ የሠርግ ጥሪ ይመጣበታል። ማታ ጌም የሚጫወትበት ኪቦርድ ቀን የአማርኛ መጻፊያ ነው። በፓወር ግዕዝም ሆነ በኪማን በድምፅ ስንጽፍ አንድ የአማርኛ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ምት ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ሺፍት ይጨምራል። ስለዚህ የኪቦርዱ ምቾት ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ከሚያሳስበው በላይ ለእኛ ያሳስበናል። የአማርኛ ፊደል የታተመበትን መፈለግ ግን አያስፈልግም፤ የግዕዝ ፊደላት በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከገቡ ወዲህ ሥራው የሶፍትዌሩ ነው፣ ማንኛውም ኪቦርድ አማርኛ ይጽፋል። ተለጣፊ ፊደል የሚለጥፍ ሰው ደግሞ ከሥር የሚበራውን መብራት በገዛ እጁ ይሸፍነዋል።

አሁን ወደ ጎማና ስፕሪንግ እንምጣ። ርካሾቹ ሜምብሬን ናቸው። በየቁልፉ ሥር የጎማ ጉልላት አለ፤ ሲጫኑት ይጎብጥና ከሥሩ ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ንጣፎች ያገናኛል። ሜካኒካል በሚባለው ግን እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ትንሽ ሣጥን፣ የራሱ ስፕሪንግ አለው። ይህ ሣጥን ስዊች ይባላል። የጀርመኑ ቼሪ ኩባንያ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤምኤክስ የተባለውን ስዊች ሲሠራ ለረጅም ጊዜ ፓተንቱ ጠብቆት ኖረ፤ ዋጋውም እንደ ጌታ ነበር። ፓተንቱ ካበቃ በኋላ ኬይል፣ ጌትሮን፣ ኦውተሙ የተባሉት የቻይና አምራቾች ያንኑ ቅርጽ በርካሽ ማምረቱን አስፋፉት። ዛሬ ውጭ አገር በርካሽ የሚሸጠው እንደ ሬድራገን ኬ552 ያለው ሜካኒካል የዚያ ውጤት ነው። ሜካኒካል ኪቦርድ ቁልፎቹ በሰርኪት ቦርድ ላይ ስለሚበየዱ በየሥራቸው ዳዮድ ማስገባት ይቀላል፤ ስለዚህ የጎስቲንግ ጣጣ እዚያ ላይ በአመዛኙ ያበቃል። በጀት ከፈቀደ ምርጫዬ ይህ ነው፤ ምክንያቴም ድምፁ ወይም ዝናው ሳይሆን ዳዮዱ ነው።

ካርቶኖቹ እዚህም ይጫወታሉ። «ሜካኒካል ፊል» የሚል ከተጻፈ ውስጡ ጎማ ነው። ለማረጋገጥ ከጠርዝ ያለችውን የኤስኬፕ ቁልፍ ቆብ በሁለት ጥፍር ይዞ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ ነው፤ ሻጩን አስፈቅዶ እርግጥ። ለብቻው የቆመ ሰማያዊ፣ ቀይ ወይም ቡኒ መሐል ያለው ሣጥን ከታየ ሜካኒካል ነው። ከሥሩ ነጣ ያለ ጎማ ከታየ ሜምብሬን ነው፣ ምንም ቢጻፍበት። ሜምብሬን መሆኑ በራሱ ነውር አይደለም፤ የቀስቱን ፈተና ካለፈ ለጀማሪ ይበቃል። ነውሩ በሜካኒካል ዋጋ መሸጡ ነው።

ቀለሞቹ የስዊቹን ጠባይ ይናገራሉ። ሰማያዊው በየምቱ ቀጭ ይላል። በቪዲዮ ሲሰማ ያምራል፤ ሌሊት ሰው በተኛበት፣ ወንድምና እህት በሚጋሩት ክፍል ውስጥ ግን ጠብ ያመጣል። ቀዩ ድምፅም እንቅፋትም የለውም፤ በቼሪው ልኬት በ45 ግራም ገደማ ክብደት፣ ሁለት ሚሊሜትር ሲወርድ ይሠራል። ለጌም ይመቻል፤ ጣት ሳይታሰብ ስታርፍበት ስለሚጽፍ ግን ብዙ አማርኛ ለሚጽፍ ጀማሪ መጀመሪያ ላይ ያናድዳል። ቡኒው መሐል ላይ ትንሽ ጉብታ አለው፣ አይጮህም። ለሁለቱም ሥራ አንድ ኪቦርድ ብቻ ለሚገዛ ሰው ቡኒውን እመክራለሁ፤ ከጠፋም ቀዩን።

ስለ መጠኑ አጭር ቃል፦ 60 ፐርሰንት የሚባለው ትንሹ ኪቦርድ ቆንጆ ነው፣ ቦታም አይፈጅም፤ ቀስት ግን የለውም። ለፔስ ተጫዋች የተቆረጠ እጅ ነው። 87 ቁልፍ ያለው ቀስቱን ይዞ የቁጥሩን ሠሌዳ ይተዋል። ሒሳብ የሚሠራ፣ በሱቅ የዕቃ ዝርዝር የሚመዘግብ ሰው ሙሉውን ይውሰድ።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው «1000 ኸርዝ» ብዙ አያሳስብ። ኪቦርዱ ለኮምፒውተሩ በሴኮንድ ስንት ጊዜ ሪፖርት እንደሚያደርግ ይናገራል፤ 1000 ማለት በየ1 ሚሊሴኮንድ፣ የተለመደው 125 ደግሞ በየ8 ሚሊሴኮንድ ነው። ተራ የላፕቶፕ ስክሪን ራሱ ምስሉን የሚያድሰው በ17 ሚሊሴኮንድ ገደማ አንዴ ስለሆነ ጀማሪ ልዩነቱን አያየውም። ገመድ አልባውንም መተው ነው፤ ባትሪ ይጨምራል፣ ዋጋ ይጨምራል።

መብራቱ ግን ሒሳብ ይገባዋል። አንድ የዩኤስቢ 2 ሶኬት በደንቡ ቢበዛ 500 ሚሊአምፒር በ5 ቮልት ይሰጣል፤ 2.5 ዋት ማለት ነው። ቀስተ ደመናውን ሙሉ የሚያበራ ኪቦርድ ከዚያ ትልቁን ድርሻ ሊወስድ ይችላል። ላፕቶፑ ለጽሑፍ ሥራ 15 ዋት የሚበላ፣ ባትሪው 45 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ቢሆን ሦስት ሰዓት ይሠራል፤ 2.5ቱ ሲጨመር ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወርዳል። መብራት በጠፋበት ማታ ግማሽ ሰዓት ቀላል አይደለም። ስለዚህ መብራቱን በኪቦርዱ በራሱ ቁልፍ ማጥፋት የሚቻል መሆኑን እዚያው ማየት ነው። መቆጣጠሪያው ከኢንተርኔት በሚወርድ ሶፍትዌር ብቻ የሆነ ኪቦርድ ለእኛ አይሆንም፤ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው ምክንያት አይጠይቀኝም።

ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ሄድሴትና የማውስ ምንጣፍ ባንድ ካርቶን የሚሸጡትን አልወዳቸውም። ዋጋው አራት ቦታ ሲከፈል አንዱም የሚረባ አይሆንም፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሞተው ሄድሴቱ ነው።

ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከመቶ በላይ ወጥቷል፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ አብሮት ወጣ። መጽሐፍ ላይ የታተመ ዋጋ ገዢውን ከማሳሳት ሌላ ጥቅም የለውም። ማነጻጸሪያው ባንድ ቀን ሦስት ቦታ መጠየቅ ነው። ከደብረ ኤልያስ የሚነሳ ሰው ቅርቡ ደብረ ማርቆስ ነው፤ ከሞጣ የሚነሳው ወደ ባሕር ዳር ቢያይ ይቀለዋል። ምርጫው እዚያ ጠቦ ከተገኘ አዲስ አበባ ትቀራለች፣ መርካቶና መገናኛ። ከደብረ ማርቆስ ብቻ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለበት፤ ለአንድ ኪቦርድ ሲባል ማንም አይሄድም። ዕቃው በዘመድ ወይም በመኪና ይላካል።

ቆሞ መሞከር በማይቻልበት በዚህ ጊዜ ሻጩን በቴሌግራም አጭር ቪዲዮ መጠየቅ ነው። ቪዲዮው ላይ የሚታየው የመብራቱ ጭፈራ ሳይሆን ሁለት ነገር ይሁን፦ አንድ ቆብ ተነቅሎ ከሥሩ ያለው ስዊች ወይም ጎማ፣ ከዚያም ሁለት ቀስትና ኢ ተይዘው ዲ ስትነካ ኖትፓዱ ላይ የምትወጣው ፊደል። ጣቶቹም ስክሪኑም ባንድ ላይ መታየት አለባቸው። ክፍያው ከቪዲዮው በኋላ ነው፤ ዕቃው ሲደርስም መልእክተኛው ሳይሄድ ላፕቶፑ ላይ ተሰክቶ ፈተናው ይደገም፣ ምክንያቱም የሚላከው ቪዲዮው ላይ የታየው ራሱ ላይሆን ይችላል።